የአዛውንት ሆድ ብረት አይደለም

ሰሞኑን ብዙ ሰው እየተቀባበለው ያለ አንድ ጽሑፍ አለ። ስለ አዛውንት ወላጆቻችንና ቤት ውስጥ ስለሚደረግ የምግብ ጥንቃቄ የሚያወራ ነው። ለእኔም በቴሌግራም ደረሰኝ። የላከችልኝ ጓደኛዬ ከሥሩ «አንብቢውና እናትሽን አታስጨንቂያት» ብላበታለች። አነበብኩት። የጸሐፊው ብዕር ይጥማል። ለአዛውንቶች ያላቸው አክብሮትም ከልብ ነው። ግን ምክራቸውን እንዳለ ይዞ ወጥ ቤት የሚገባ ሰው መኖሩ አይቀርም። ዝም ብዬ ማለፍ ያቃተኝ ለዚህ ነው።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ሳላጣምም ላጠቃልለው። ሰባ ሰማንያ ዓመት የኖረ ሰው በዕድሜው ያልቀመሰው ነገር የለም፤ ሆዱ ከጀርም ጋር ተላምዷል፤ እንዲያውም ከልጆቹ ሆድ የእሱ ይጠነክራል ይላሉ። ምግብ መበላሸቱን ለማወቅ በልምድ የተገራ አፍንጫና ምላስ ዕቃ ላይ ከታተመ ቀን ይበልጣል። ያደረ ምግብ አንዴ ከተንተከተከ የሚያሰጋ ነገር አይኖረውም። ትኩስ ምግብ ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት ምግቡንም ፍሪጁንም ይጎዳል፤ ስለዚህ ምድጃው ላይ ይደርና ጠዋት ይግባ፤ ከገባ በኋላ ደግሞ ሐሳብ የለም። ጥሬ ሥጋና ዶሮ በሎሚ ወይም በኮምጣጤ ከታጠበ ንጹሕ ነው። ሆድ ቢያም እንኳ የሁለት ቀን ነገር ነው። በመጨረሻም ይህ ሁሉ «ተጠንቀቁ» የሚባል ነገር ሸማቹን ለማስፈራራት የተፈጠረ ነው፤ አዛውንቶችን ከምግብ ደስታ ይለያል፣ ደህና ምግብም ያስደፋል። ተዉአቸው፣ የለመዱትን ይብሉ ብለው ይጨርሳሉ።

ከመጨረሻው ነጥብ በግማሹ እስማማለሁ፤ እደርስበታለሁ። ከፊተኞቹ ልጀምር።

«ሆዳቸው ለምዶታል»

የጽሑፉ ምሰሶ ይህ ነው። ሌላው ሁሉ የቆመው በእሱ ላይ ስለሆነ እዚህ ትንሽ ልቆይ።

ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ኩፍኝ አንዴ የያዘው ሰው ደግሞ አይዘውም። ምግብ ወለድ በሽታም እንደዚያው ነው ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። ግን አይደለም። በምግብ የሚመጣው ሳልሞኔላ የተባለ ባክቴሪያ ብቻውን ከ2,500 በላይ ዓይነት አለው። ከ40 ዓመት በፊት ሆድን ያመሰው አንዱ ዓይነት ዛሬ ከሚመጣው ሌላ ዓይነት ያድናል ማለት አይቻልም።

በዚያ ላይ በሽታ የመከላከል አቅም ራሱ ያረጃል። አዲስ ጀርም ሲገባ ቀስ ብሎ ነው የሚነቃው። ሲነቃም የድሮውን ያህል አይበረታም። ለአዛውንቶች የኢንፍሉዌንዛ ክትባት መጠኑ ከፍ ተደርጎ የሚዘጋጅባቸው አገሮች ያሉት በዚሁ ምክንያት ነው። ልምድ ብቻውን ቢያጠነክር ኖሮ ጠንከር ያለ ክትባት የሚያስፈልገው ለወጣቱ ይሆን ነበር።

ቀጥሎ ጨጓራ አለ። ከምግብ ጋር የገባ ባክቴሪያ መጀመሪያ የሚጋፈጠው የጨጓራ አሲድን ነው፤ ብዙውም እዚያው ይሞታል። ዕድሜ ሲገፋ የብዙ ሰው ጨጓራ የሚያመነጨው አሲድ ይቀንሳል። ኦሜፕራዞልን የመሳሰሉ የጨጓራ መድኃኒቶች ደግሞ ሥራቸው አሲዱን መቀነስ ነው። በዕድሜ ከገፋ ሰው የመድኃኒት ከረጢት ውስጥ እነዚህ ስንት ጊዜ እንደሚገኙ ቤቱ አዛውንት ያለው ሁሉ ያውቃል። ማንም በራሱ ፈቃድ እንዲያቆማቸው አልመክርም፤ የታዘዙበት ምክንያት አለ። ግን እነሱን እየወሰደ ያለ ሰው፣ ጨጓራው ከ20 ዓመት በፊት ይገድለው የነበረውን ባክቴሪያ ዛሬ ሊያሳልፈው ይችላል። ስኳር፣ የኩላሊት በሽታ ወይም የካንሰር ሕክምና ሲጨመርበት ነገሩ ይከብዳል።

ይህ ወረቀት ላይ ያለ ሐሳብ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1984 እንግሊዝ አገር ዌክፊልድ ከተማ ባለው ስታንሊ ሮይድ ሆስፒታል የሳልሞኔላ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። መነሻው ከፍሪጅ ውጭ የቆየ ቀዝቃዛ ጥብስ ሥጋ ነው። ታካሚዎችም ሠራተኞችም ታመሙ፤ ከሠራተኞቹ ብቻ ከ100 በላይ። የሞቱት 19 ሰዎች ግን ታካሚዎች ናቸው፤ አብዛኞቹም አዛውንቶች። የለመደ ሆድ የሚባል ነገር ቢኖር ኖሮ ውጤቱ የተገላቢጦሽ በሆነ ነበር።

የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከልም ተመሳሳይ ነገር ይናገራል። በሳልሞኔላ፣ በካምፒሎባክተር፣ በሊስቴሪያ ወይም በኢ. ኮላይ ባክቴሪያ መያዛቸው በላቦራቶሪ ከተረጋገጠ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሰዎች ግማሽ ያህሉ ሆስፒታል ይተኛሉ።

እዚህ ላይ ጸሐፊው የሚያነሡት «አያቶቻችን እንዲሁ እየበሉ ዘጠና ዓመት ኖሩ» የሚል ክርክር አለ። ልክ ነው፣ ዘጠና የደረሱት ኖረዋል። የምንቆጥረው ግን እነሱን ብቻ ነው። በ68 ዓመቷ «ትኩሳት ያዛትና በሳምንቷ ሄደች» የተባለችው አያት የበላችው ምን እንደነበር የጠየቀ የለም። ቢጠየቅም መልሱ ላይገኝ ይችላል። ሊስቴሪያ የሚባለው ባክቴሪያ ከተበላበት ቀን እስከሚያሳምምበት ቀን እስከ 70 ቀን ሊወስድ ይችላል። ከሁለት ወር በፊት የበላውን የሚያስታውስ ማን ነው?

«አፍንጫዬ ይነግረኛል»

ይህኛው በጣም የተለመደ እምነት ነው። አዛውንቶች ብቻ ሳይሆን ሁላችንም የምናደርገው ነው፤ ክዳን ከፍቶ ማሽተት።

ነገሩ ወዲህ ነው። ምግብን የሚያበላሹት ተሕዋስያንና ሰውን የሚያሳምሙት አብዛኛውን ጊዜ የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ያሸታሉ፣ ያዝለገልጋሉ፣ ያኮመጥጣሉ። የኋለኞቹ ግን ምግቡን ሳይነኩት ይቀመጡበታል። ሳልሞኔላ ያለበት እንቁላል እንቁላል እንቁላል ነው የሚሸተው። እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ውስጥ ሊስቴሪያ የነበረበት ሜሎን ተሽጦ 147 ሰዎች ታመው 33ቱ ሞተዋል። አብዛኞቹ ከ60 ዓመት በላይ ነበሩ። ፍሬው የሸተተ ወይም የተበላሸ ቢሆን ኖሮ ማን ይበላው ነበር?

ሁለተኛው ችግር አፍንጫው ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት ከ65 እስከ 80 ዓመት ከሆናቸው ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የማሽተት አቅማቸው በእጅጉ ቀንሶ አግኝቷል። ከ80 በላይ ሲሆን ከአራቱ ሦስቱ። እይታ ሲደክም ሰው ያውቀዋል፣ መነጽር ይገዛል። ማሽተት ሲደክም ግን ቀስ በቀስ ስለሆነ ባለቤቱ ላያውቀው ይችላል። እናቴ «የዛሬ ምግብ ቃና የለውም» ማለት ከጀመረች ቆይታለች። ምግቡ ያው ነው። እና ጸሐፊው ዳኛ ያደረጉት ይህንኑ አፍንጫ ነው።

የታተመውን ቀን በተመለከተ ግን ግማሽ እውነት ይዘዋል። ብዙ ዕቃ ላይ «ከዚህ ቀን በፊት ቢጠቀሙት ይመረጣል» የሚለው ጽሑፍ ስለ ጥራት ነው የሚያወራው። ቀኑ ያለፈ ደረቅ ሩዝ፣ ፓስታ ወይም ብስኩት ጣዕሙ ትንሽ ቢቀንስ ነው እንጂ አይገድልም። «እስከዚህ ቀን ይጠቀሙ» ተብሎ የሚጻፈው ግን የደኅንነት ጉዳይ ነው። ቶሎ የሚበላሹ፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚቀመጡ ነገሮች ላይ ነው የሚገኘው፦ ትኩስ ሥጋ፣ ተቆርጦ የታሸገ የበሰለ ሥጋ፣ ለስላሳ አይብ። ሁለቱን አንድ ላይ ጨፍልቆ «ቀን ምንም ማለት አይደለም» ማለት አይሆንም።

አፍንጫ «ጣሉት» ሲል ይታመን። «ብሉት» ሲል ግን ማስረጃ አይሆንም።

«አንዴ ከተንተከተከ አለቀለት»

ከሁሉም ይህኛው ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ሦስት አራተኛው እውነት ነው። ሙቀት ሳልሞኔላን ይገድላል። ሊስቴሪያንም ይገድላል። ያደረን ምግብ እስከ ውስጡ በደንብ ማሞቅ ጥሩ ልማድ ነው፤ ጸሐፊው ይህን ማበረታታታቸው ትክክል ነው።

የቀረው አንድ አራተኛ ነው ችግሩ። አንዳንድ ባክቴሪያ ምግቡ ላይ ሲራባ መርዝ ያመርታል። ከዚያ ስናፈላው ባክቴሪያው ይሞታል፤ መርዙ ግን ይቀራል። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ አንዱ ነው። በብዙ ጤነኛ ሰው አፍንጫና ቆዳ ላይ የሚኖር ነው። ከእጅ ወደ ምግብ ይሻገራል፤ ምግቡ ሞቅ ያለ ቦታ ሲቆይ መርዙን ያመርታል። ያ መርዝ መንተክተክን ይቋቋማል።

ሁለተኛው ባሲለስ ሴሪየስ ነው፤ በተለይ ከሩዝ ጋር ስሙ ይነሣል። ይህ ባክቴሪያ ክፉ ቀን ሲመጣበት ስፖር የሚባል ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ ይቀመጣል። ሩዙ ሲቀቀል ስፖሩ አይሞትም። ሩዙ ድስቱ ውስጥ እንዳለ ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ ይነቃል፣ ይራባል፣ መርዝ ያመርታል። ከመርዞቹ አንዱ፣ የሚያስመልሰው፣ በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 90 ደቂቃ ቢቆይ እንኳ አይጠፋም። የቤት ምድጃ ላይ ያለ ክፍት ድስት ደግሞ የሚንተከተከው 100 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ጠዋት ላይ ምንም ያህል ቢፈላ ማታ የተሠራውን ጥፋት አይመልሰውም።

ዋናው ጥያቄ እንግዲህ «አፍልተሽዋል ወይ?» አይደለም። «ከማፍላትሽ በፊት የት ነበር? ስንት ሰዓት?» ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው አጭር ነው። የበሰለ ምግብ ክፍል ሙቀት ላይ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ። የሚቆየው ወይ ከ60 ዲግሪ በላይ ትኩስ ሆኖ፣ ወይ ከ5 ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ ነው። መሐሉ የባክቴሪያ ሠርግ ነው።

ሲሞቅም የሚበላውን ያህል ብቻ ቀንሶ ማሞቅ ይሻላል። ድስቱን በሙሉ እያሞቁ፣ እየመለሱ፣ ነገም እያሞቁ መቀጠል ምግቡን በየቀኑ በ5 እና በ60 ዲግሪ መሐል ያመላልሰዋል። ማይክሮዌቭ የሚጠቀም ሰው ደግሞ አቋርጦ ያማስለው። ዳሩ እየተቃጠለ መሐሉ ቀዝቃዛ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

«ትኩስ ነገር ፍሪጅ አይገባም»

የሚንተከተክ ትልቅ ድስት እንዳለ ትንሽ ፍሪጅ ውስጥ ቢገባ የፍሪጁን ሙቀት ከፍ ያደርጋል፤ አጠገቡ ያለውንም ምግብ ያሞቃል። እዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። ከዚህ ተነሥቶ «ስለዚህ ምድጃው ላይ ይደር» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

ትልቅ ድስት መሐሉ ለመቀዝቀዝ ብዙ ሰዓት ይፈጅበታል። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባለው ባክቴሪያ የሚወደው ይህንን ነው። በሥጋ ሾርባና ወፈር ባሉ የሥጋ ምግቦች ውስጥ ይገኛል። የእሱም ስፖር መቀቀልን ያልፋል። በተመቸው ሙቀት በ10 ደቂቃ ገደማ ራሱን እጥፍ ያደርጋል። እስኪ እንቁጠረው። በየ10 ደቂቃው እጥፍ ከሆነ በአንድ ሰዓት ስድስት ጊዜ ነው። ከአንድ ተነሥቶ በሦስት ሰዓት ከ260 ሺህ ያልፋል። ከምሽት እስከ ንጋት ያለውን አንባቢ ይቁጠረው።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ምግቡ እንደወረደ በትንንሽ፣ ጎድጓዳ ባልሆኑ ዕቃዎች ይከፋፈል። ቸኮልኩ ያለ ሰው ዕቃውን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ያስቀምጠው። እንፋሎቱ ጋብ ሲል ፍሪጅ ይግባ። ለብ ያለ ምግብ መግባቱ ፍሪጅ አያበላሽም። ለአዛውንት ደግሞ ሌላም ጥቅም አለው። እጁ የሚንቀጠቀጥ ወይም መገጣጠሚያው የሚያመው ሰው ከባድ ድስት ከሚያነሣ ትንሽ ዕቃ ቢያነሣ ይሻለዋል።

«ከገባ በኋላ ሐሳብ የለም» የሚለውም አያስኬድም። ፍሪጅ አብዛኛውን ባክቴሪያ ያዘገያል እንጂ አይገድልም። ሊስቴሪያ ደግሞ በፍሪጅ ቅዝቃዜ ውስጥም ይራባል። እ.ኤ.አ. በ2008 ካናዳ ውስጥ ተቆርጦ በታሸገ የበሰለ ሥጋ ምክንያት በተነሣ የሊስቴሪያ ወረርሽኝ ከ20 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ አብዛኞቹ አዛውንቶች ነበሩ። ፍሪጅ አጥተው አልነበረም። እንዲህ ያለውን ሥጋ የሚወድ አዛውንት መከልከል የለበትም፤ እንፋሎት እስኪያወጣ አሙቆ መብላት ነው።

የተረፈ ምግብ ፍሪጅ ውስጥ ሦስት አራት ቀን ይበቃዋል። ከዚያ በላይ የሚቆይ ከሆነ መጀመሪያውኑ ፍሪዘር ውስጥ ይግባ። የፍሪጁ ቅዝቃዜም ይለካ። ማስተካከያው ላይ ያለው 1፣ 2፣ 3 የሚል ቁጥር ዲግሪ አይደለም፤ ብዙ ሰው ግን እንደዚያ ይመስለዋል። ትንሽ የፍሪጅ ቴርሞሜትር አንድ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ አድርጎ ማሳደር ነው። ጠዋት ከ5 ዲግሪ በላይ ካሳየ ማስተካከያው ይነካ፤ የበሩ ጎማም ይታይ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በሩ ካልተከፈተ ፍሪጁ ለ4 ሰዓት ያህል ይቋቋማል። «ምን ደረሰበት» እያሉ በየጊዜው መክፈት ነው የሚያሞቀው።

«በሎሚ ታጥቦ»

ይህኛው አጭር ነው። ሎሚና ኮምጣጤ ጣዕም ይሰጣሉ። ጥሬ ሥጋ ላይ ያለውን ባክቴሪያ ግን ልንተማመንበት በሚያስችል ደረጃ አይገድሉም። የሚገድለው እሳት ነው። ማጠቡ እንዲያውም ይባስ ያደርገዋል፤ ውኃው እየተፈናጠረ ባክቴሪያውን ወደ ሲንኩ፣ ወደ ዕቃው፣ ወደ ሰላጣው ይወስደዋል። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ባደረገው ጥናት ዶሮ ካጠቡት ተሳታፊዎች ሩብ ያህሉ ባክቴሪያውን ወደ ሰላጣቸው አሻግረውት ተገኝተዋል። ሰላጣ ደግሞ እሳት አያገኘውም። ዶሮው ላይ የሚታይ ነገር ካለ በወረቀት ፎጣ ይጠረግና ወረቀቱ ይጣል፤ ከዚያ እጅ በሳሙና።

በዚሁ አንቀጽ ላይ የእንጨት መክተፊያ ከፕላስቲክ አያንስም ብለዋል። እውነት ነው። በሚገባ እስከታጠበና እስከደረቀ ድረስ እንጨት አይታማም። ዋናው የጥሬ ሥጋው ለብቻ፣ የአትክልትና የዳቦው ለብቻ መሆኑ ነው።

«የሁለት ቀን ነገር ነው»

ለወጣት ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ሁለት ቀን መጸዳጃ ቤት ተመላልሶ በሦስተኛው ሥራ ይገባል። አዛውንት ላይ ግን ሁለት ቀን ረጅም ነው።

ዕድሜ ሲገፋ የጥማት ስሜት ይደክማል። ሰውነት ፈሳሽ እያጣ ሰውዬው «አልጠማኝም» ይላል፤ አይዋሽም፣ በእርግጥም አልጠማውም። ኩላሊትም ውኃ ቆጥቦ የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። ብዙዎች ለደም ግፊት ወይም ለልብ ሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት ይወስዳሉ። በዚህ ላይ ተቅማጥና ማስመለስ ሲመጣ የደም ግፊት ይወርዳል፤ ከአልጋ ሲነሡ ያዞራል፤ ይወድቃሉ። ዳሌ ይሰበራል። ቤተሰብ የሚያስታውሰው ግን መውደቁን ነው፤ ከሱ በፊት የነበረውን የሆድ ሕመም ማንም አያነሣውም።

ሊስቴሪያ ደግሞ ተቅማጥ ላያሳይም ይችላል። ወደ ደም ይገባል፤ የማጅራት ገትር በሽታ ያመጣል። ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ አንገት አልታጠፍ ማለት፣ መደናገር ምልክቶቹ ናቸው። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ከሆነ ሊስቴሪያ ሥር ሰዶ ከያዛቸው ሰዎች ከ20 እስከ 30 በመቶ ይሞታሉ። «ሁለት ቀን ጠብቁ» የሚል ምክር እዚህ ላይ ክፉ ምክር ነው።

አዛውንት ተቅማጥ ሲይዛቸው ካልጠየቁም ፈሳሽ ይሰጣቸው፤ በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ። ኦአርኤስ (በውኃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) ካለ እሱ ይመረጣል። ሰገራው ደም ካለው፣ ትኩሳቱ ከፍ ካለ፣ የጠጡት ሁሉ ከተመለሰ፣ ሽንት ከቀነሰ ወይም ንግግራቸው ከተዛባ ግን ያኔውኑ ሐኪም ዘንድ ነው። የሚወስዱትንም መድኃኒት ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። ፈሳሽ ባጣ ሰውነት ላይ አንዳንዱ መድኃኒት ለጊዜው ይቁም ሊባል ይችላል፤ ያንን የሚወስነው ግን ሐኪሙ ነው። ደም ወይም ትኩሳት እያለ ተቅማጥ ማቆሚያ ኪኒን ገዝቶ መስጠትም አይገባም።

«ተዉአቸው፣ ይብሉ»

አሁን ወደ ተስማማሁበት ግማሽ መጣሁ።

አዛውንት ምግብ ሲቀንሱ ነገር ይበላሻል። ክብደት መቀነስና የጡንቻ መሳሳት ለእነሱ ከባድ አደጋ ነው። «ይህን አትብላ፣ ያንን አትንካ» የበዛበት ሰው ጭራሹን መብላት ሊያስጠላው ይችላል። ልጅ መጥቶ የእናቱን ፍሪጅ ከፍቶ፣ ሳይጠይቅ፣ ግማሹን ቆሻሻ ውስጥ ሲደፋ ማየት ያሳፍራል። በራሷ ወጥ ቤት ውስጥ ነው ያለችው። ጸሐፊው ይህን በጻፉበት አንቀጽ ላይ አንድም ቃል አልቀንስም።

ግን ከዚህ ተነሥቶ ጥንቃቄ ሁሉ ይቅር ማለት አያስፈልግም፤ የሚቀረው ምግብ ጥቂት ነውና። ጥሬ ወይም በግማሽ የበሰለ ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል፣ ያልፈላ ወተትና ከሱ የተሠራ ለስላሳ አይብ፣ ጥሬ የበቀለ እህል። እነዚህም ቢሆኑ አብዛኞቹ እሳት ካገኛቸው ይበላሉ። ሌላው ሁሉ በጥንቃቄ ከተያዘ የሚከለከል አይደለም።

ብክነቱም ቢሆን ጥንቃቄ አያበዛውም። ምግብ የሚደፋው በብዛት ተሠርቶ፣ መቼ እንደተሠራ ተረስቶ፣ ከፍሪጁ ጀርባ ሲገኝ ነው። ዕቃው ላይ በትልልቅ ፊደል ቀኑን መጻፍ ይህን ያስቀራል። ትንሽ የታተመ ቀን ለደከመ ዓይን አይነበብም፤ በወፍራም እስክሪብቶ የተጻፈ «ማክሰኞ» ግን ይነበባል። እናትንም «ይሄ ተበላሽቷል» ከማለት «እማዬ፣ ይሄ መቼ ነው የተሠራው?» ማለት ይሻላል። ብዙ ጊዜ ራሷ ትጥለዋለች።

«ሸማቹን ለማስፈራራት ነው» የሚለው ክስ ደግሞ ማንን እንደሚመለከት አልገባኝም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣቸው አምስት ምክሮች እነዚህ ናቸው፦ ንጽሕና፣ ጥሬውን ከበሰለው መለየት፣ በደንብ ማብሰል፣ በተገቢው ሙቀት ማስቀመጥ፣ ንጹሕ ውኃና ጥሬ ዕቃ መጠቀም። ከእነዚህ ውስጥ ሳሙና ሻጭ ትንሽ ያተርፍ ይሆናል።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን እንዲያነሡት አልጠይቅም፤ ስለ አዛውንቶች ክብር የጻፉት መነበብ አለበት። ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ እንዲያርሙ እጠይቃለሁ። አንዱ ድስቱ ምድጃው ላይ ይደር የሚለው ነው፤ ሌላው አንዴ ከተንተከተከ የሚያሰጋ ነገር የለውም የሚለው። ሌሎቹን አንብቦ የሚረሳቸው ብዙ ነው። እነዚህን ሁለቱን ግን አንባቢ ዛሬ ማታውኑ ይሠራባቸዋል።